ጠቅላላ ካለ ምን ቀረ

ሉሉን ለፈታት ባሏ አዲስ ትዳር ምርቃት እንድትሰጥ የጠሯት ሐሙስ ማለዳ ነው፤ ያውም በስልክ፣ ያውም ጥርሷን እየቦረሸች ሳለ። አባባ ጎሹ ከወፍ ጋር የሚነሡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላውም ሰው እንደሳቸው የሚነሣ ይመስላቸዋል። ጤናዋን ጠየቁ፣ ልጇን ጠየቁ፣ የዘንድሮው ሙቀት ሰው ሊፈጅ ነው ብለው አማረሩ፤ ከዚያ ነገሩን አወጡት። ታደገ ሸዋርካብን ሊያገባ ነው። ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ በሸዋርካብ ቤት ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሽማግሌው እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አሮጌው ጎጆ ቂም እንደቋጠረ አዲስ ጎጆ አያቆሙም። ስለዚህ ሉሉ መጥታ በሰው ፊት አንዲት ነገር ብቻ ትበል፤ ቂም የለኝም ትበል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ልጄ» አሉ፣ ተረቱን ገና ዛሬ የፈጠሩት ይመስል ረክተው። ሉሉ የሳሙናውን አረፋ ዋጠችና እመጣለሁ አለች።

ልጇ ሺር ከወጥ ቤት ሆና ሰምታለች። ሺር ሃያ ዓመቷ ነው፤ ታሃና መርካዚት፣ ዋናው አውቶቡስ ጣቢያ፣ አጠገብ ካለ ሱቅ ጫማ ትሸጣለች። እናትየው በአማርኛ ትናገራታለች፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች። «ቲስለሒ ሎ ቬዳይ፣ ኢማ» አለች ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ፤ እማዬ፣ ይቅር በይውና ይብቃሽ ማለቷ ነው። ሉሉ ወጥ ቤት ገብታ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ከሽሮው ዕቃ ኋላ የቆመውን የቫይታሚን ጠርሙስ አየችው። በውስጡ ያለው ቫይታሚን አይደለም። ባለፈው ሰሞን ሺር ደክሞኛል ብላ አንዱን ፍሬ ልትውጥ ስትል ሉሉ እጇን በጥፊ መትታ ከመዳፏ አራግፋዋለች። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ጠርሙሱን አይታ እንዳላየች ታልፋለች፤ ስለ ጥፊውም አንዳቸውም አላነሡም። ሉሉ ልትነግራት ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ ስንት ጊዜ ዘግታዋለች። የሚያስቸግራት ስሙ ነው። ሌላው ሁሉ በአንዱ ወይም በሌላው ቋንቋ ይነገራል፤ ስሙ ግን ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ይቀራል።

ስሙን የሚጠራ ሰው እኮ በሰፈሩም የለም። በሰፈሯ፣ በሽኩና ዳሌት፣ ስኳርም ግፊትም ካንሰርም በስማቸው ይጠራሉ፤ እሱ ግን «ያ ነገር» ነው፣ ስሙን የጠራ ሰው ቤቱ የጠራው ይመስል። የዛሬ አራት ዓመት ገደማ፣ ለሉሉና ለታደገ ሽማግሌ በተቀመጠ ጊዜም እንዲሁ ነበር። አባባ ጎሹ መጀመሪያ ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ የሷን አያት ቅድመ አያት ከነመንደራቸው፣ የሱን ከነወንዛቸው፣ ዘር እንዳይገናኝ አንድ ስም ሳይዘሉ ሰባት ትውልድ ቆጠሩ። ሲጨርሱ ላባቸውን ጠርገው፣ መቼም ዘመኑ ክፉ ነው፣ የደም ወረቀትም ይምጣ አሉ። የምን ምርመራ እንደሆነ አልተባለም፤ ሁሉም የገባው መስሎ ራሱን ነቀነቀ። ታደገ በሳምንቱ ወረቀት ይዞ መጣ። አባባ ጎሹ ከፊታቸው አርቀው ይዘው ከላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበቡት፤ «ብዲኮት ዳም ክላሊዮት»። «ክላሊ ማለት ጠቅላላ ነው» አሉ፤ «ጠቅላላ ካለ ምን ቀረ?» ከግርጌው ሐኪሙ በእጁ «ሃኮል ታኪን» ብሎ ጽፎበታል፤ ሁሉም ደኅና ነው ማለት ነው። እልል ተባለ። የሰባት ትውልድ ሙታንን ሳይሳሳቱ የቆጠሩ ሽማግሌ አንዲት የሕያው ሰው ወረቀት አሳሳተቻቸው።

ታደገ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ በአውሮፕላን በጅምላ ከመጡት አንዱ፣ የከተማው ነባር ነው፤ ሥራው ደኅና፣ ንግግሩ ደኅና፣ ለንግድ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ደኅና የሚለብስ። እሷ ደግሞ ባሏ መኪና ተገልብጦበት ሞቶባት፣ ሺርን አንጠልጥላ ከጎንደር ከመጣች ገና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ነባሮቹ እንደሷ ያለውን በጎን ዓይን ነው የሚያዩት፤ ስለዚህ እሱ ሲጠይቃት ሰው ሁሉ ዕድለኛ ነሽ አላት፣ እሷም አመነች። ባለፈው የሐኑካ በዓል ሰሞን ከጡቷ ሥር ተነሥቶ ወደ ጀርባዋ የሚዞር የሚያቃጥል ሽፍታ ወጣባት፤ አገር ቤት አልማዝ ባለጭራ የሚሉት። ታደገ ልብስ ስትቀይር አየውና በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ምን ሆንሽ አላላትም። ትራሱን አንሥቶ ሳሎን ተኛ፤ በሁለተኛው ሳምንት እንፋታ አለ፤ የረቢዎቹ ፍርድ ቤት፣ ራባኑት፣ ሄደው ጨረሱ። ያኔ ሉሉ የተጸየፋት መስሏት በገዛ ገላዋ አፈረች። ከወራት በኋላ፣ ትኩሳቱና የአፍ ቁስሉ አልለቅ ሲላት፣ አንዲት ወጣት ሐኪም ፈቃድሽ ከሆነ ያንን በስሙ እንመርምረው አለቻት። በሳምንቱ ስልክ ተደወለ፤ «ቦኢ ኤሌኑ»፣ ወደኛ ነይ። ለምን እንደሆነ አልነገሯትም። ሄደች። በር ዘጉ። ሁለት ሰዎች ከፊቷ ተቀመጡና ሳይጠማት፣ ሳትጠይቅ፣ በነጭ ኩባያ ውሃ አቀረቡላት። ውሃውን ስታይ ነው የገባት። የባሏም ነገር የገባት ያን ቀን ነው፤ ሽፍታውን አልተጸየፈውም፣ የምን ምልክት እንደሆነ ዐውቆ ነው።

ይህ ከሆነ አምስት ሳምንቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሉሉ የምትኖረው በበቀል ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። ክኒኑን በየቀኑ ከዋጥሽ በሽታው ከደምሽ እስከማይታይ ይደክማል፣ ለሌላ ሰውም አታስተላልፊም፣ እርጅናሽን ታያለሽ ብለዋታል፤ ይህን ሁሉ ታምናለች። የሚያንገበግባት ሌላ ነው። ታደገ በአውቶቡስ ውስጥ ሲስቅ ታየዋለች፣ በሰው ለቅሶ ላይ ሲያጽናና ታየዋለች፤ ባየችው ቁጥር ጥርሷ ይፋጫል። ያማከረቻት ሶሻል ወርከር፣ እያወቀ ደብቆሽ ከሆነ ፖሊስ አለ፣ ግን ማወቁ መረጋገጥ አለበት አለቻት። ሰው በሆዱ የያዘውን በምን ያረጋግጡታል? ዝም ብላ ብትናገር ደግሞ ሰፈሩ የሚለውን ታውቀዋለች፤ አዲሶቹ ናቸው የሚያመጡት፣ ከጎንደር ይዛበት መጥታ ንጹሕ ሰው አጠፋች ይላል። ስለዚህ ለማንም ሳትናገር ከረመች። ዛሬ ማለዳ የሸዋርካብን ስም ስትሰማም፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ በልቧ ያለችው ይድረሳት ነው። እኔን ማን አስጠነቀቀኝ? ለምን እኔ ብቻ?

ጠዋቱን ሃዒር ሃዓቲቃ፣ አሮጌው ከተማ፣ ውስጥ የምትጦራቸው የዘጠና ዓመት አሮጊት ቤት አሳለፈች። ቤቱ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው የተላላጠ፣ በመስኮቱ የመንገዱ አቧራ የሚገባበት ነው። አሮጊቷን አጠበች፣ ፀጉራቸውን አበጠረች፣ ገንፎ አበላቻቸው፤ ከዚያ ድስቱን ይዛ ትፈትግ ጀመር። ፈተገች፣ ፈተገች። አሮጊቷ ከመንኮራኩር ወንበራቸው ሆነው ቢያዩ ቢያዩ ሲሰለቻቸው፣ ድስቱ ምን አድርጎሽ ነው ብለው ጠየቋት። ምንም አለች። ድስቱ ንጹሕ ከሆነ ቆይቷል። አሮጊቷ፣ እኔም ባሌ በሞተ ጊዜ እንዲህ ስፈትግ ነበር፤ አንቺም ሞቶብሽ ነው? አሏት። ሉሉ ገና ነው አለች፤ አሮጊቷ ሳቁ፣ እሷ አልሳቀችም።

እኩለ ቀን ላይ ክሊኒኩ ቶር ነበራት፤ ያን ተራ ለማግኘት ወር ጠብቃለች፣ በዚህ አገር ያለ ቶር የሚገኝ ነገር የለም። ነርሷ ኦሬል ትባላለች፤ ወላጆቿ ከሞሮኮ የመጡ፣ ጣቷ ላይ ቀለበት የደረደረች፣ ድምፀ ጎርናና ሴት። መጀመሪያ ቀን አማርኛ ተርጓሚ አለችን ሲሏት ሉሉ እንደ እሳት ነው የሸሸችው፤ ተርጓሚዋ ዳሌት ነው የምትኖረው። በተሰባበረ ዕብራይስጥ ራሷን መቻል መረጠች። ዛሬ ደሟ ተቀድቶ ሲያልቅ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ ከጋብቻው በፊት አባባ ጎሹ ያነበቡት የታደገ ወረቀት ነው፣ ከፍቺ ሰነዶቿ ጋር ያስቀመጠችው። ያ ነገር የቱ ጋ ነው ያለው ብላ ጠየቀች። ኦሬል ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደች፤ ይሄ ብረት፣ ይሄ ስኳር፣ ይሄ የደም ቅባት፣ ይሄ ኩላሊት፣ ይሄ ጉበት። የለም አለች። ሉሉ «ክላሊ ይላል እኮ» አለቻት፤ ክላሊ ማለት ሁሉ አይደለም ወይ? ኦሬል ራሷን ነቀነቀች። ክላሊ ማለት የተለመደው ማለት ነው፣ ሁሉ ማለት አይደለም። ያኛው በስሙ ካልተጠየቀ፣ ሰውየውም እሺ ካላለ፣ አይመረመርም።

ሉሉም እኮ በየዓመቱ ጠቅላላ ተመርምራለች። ሦስት ዓመት ሙሉ በብልቃጥ በብልቃጥ ደሟን ቀድተው፣ በስልኳ «ታኪን» የሚል መልእክት ልከውላታል፤ እሷም መልእክቱን እያየች አመስግና ተኝታለች። እንዴት ሳታዩት ቀራችሁ አለች፣ ድምፅዋ ሳታስበው ከፍ ብሎ። ኦሬል አልተቆጣችም። ማሽኑ እንደ ጨዋ እንግዳ ነው አለቻት፤ የከፈቱለትን ክፍል እንጂ ያልከፈቱለትን አያይም። ከመዝገቧ ግን አንድ ነገር አሳየቻት፤ ሉሉ እንደመጣች በመጤዎች መቀበያው፣ በመርካዝ ክሊታ፣ ሳለች በስሙ ተመርምራ ነበር፣ ንጹሕ ነበረች። ሉሉ ይህንን ድሮም ታውቀዋለች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እሱስ? እናንተ ጋ ይመጣል? አዎ ወይም አይ በዪኝ፣ ሌላ አልፈልግም።»

ኦሬል ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት። «ነገ እሱ መጥቶ ስላንቺ ቢጠይቀኝ ምን እንድለው ትፈልጊያለሽ?»

ሉሉ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ኦሬል እስከ በሩ ሸኘቻትና፣ ምናልባት ልታጽናናት ብላ፣ እኔ ሥራዬን የማልወደው ስልክ ስደውል ነው አለቻት። ንጹሕ ለሆነው መልእክት በስልኩ ይላካል፣ ማንም አይጠራውም። እኔ የምደውለው ለቀሩት ነው፤ ለምን እንደምጠራቸው በስልክ መናገር አልችልም፤ ሲመጡ ውሃ ቀድቼ እጠብቃቸዋለሁ። ሉሉ አመስግና ወጣች። ፀሐዩ አናቷ ላይ ወረደባት። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። ያንን ክፍል የሚያውቀው እዚያ የተቀመጠ ብቻ ነው ማለት ነው። ውሃው የሚቀርበው ለተጠራ ሰው ብቻ ነው። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ይህንን ደጋግማ አሰበችው፤ አውቶቡስ ውስጥም አሰበችው፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራባት።

ታሃና መርካዚት አጠገብ ካለው ገበያ ወረደች። ለበቀልም ቢሆን ባዶ እጅ አይኬድም። ወይኑ ኪሎው አሥራ ሁለት ከዘጠና ተብሎ ተሰቅሏል፤ ነጋዴውን ይሄ ዘቢብ ሆኗል፣ ሊጠፋብህ ነው ብላ በአሥር አስደረገችው፣ ሁለት ኪሎ አስመዘነች። አንዱን ፍሬ ቀምሳ ጣፋጭ መሆኑን ስታይ ለማን እንደሆነ ትዝ አላት። ሸዋርካብን ከአውቶቡስ ነው የምታውቃት፤ ትምህርት ቤት የምታጸዳ፣ አርባ ያለፋት፣ ሁለት ልጆች የቀሩላት መበለት፤ ማለዳ ማለዳ ቦታ ትይዝላት የነበረች፣ ሉሉ ከተፈታች ወዲህ ግን ዓይን ዓይኗን ማየት ያፈረች። ይድረሳት የሚለውን ሐሳብ ሉሉ እንደገና ሞከረችው። እንደ ጠዋቱ አልጣፈጣትም። ታደገ ግን ይድረሰው፤ በዚያ ምንም አልተቀየረም።

የሸዋርካብ ቤት ዳሌት ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሳሎኑ ተጠርጓል፣ ሶፋው ላይ አዲስ ጨርቅ ተነጥፏል፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ምስሉ ብቻ ይሮጣል። ጠረጴዛው ላይ ኦቾሎኒ፣ ኮላ፣ የተቆራረሰ ዳቦ አለ። አባባ ጎሹ በነጭ ሸሚዝ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው የሸዋርካብ ወንድም ውበቱ፣ ቃል የማይበዛው የጭነት መኪና ሹፌር። ታደገ ከፊት ለፊት፣ ፀጉሩን አዲስ ተቆርጦ። ሉሉ ስትገባ ብድግ አለ፣ ጤና ይስጥልኝ አለ፤ እሷም ጤና ይስጥልኝ አለች። ሸዋርካብ ወይኑን ተቀብላ ሄደችና ውሃ በብርጭቆ ይዛ ተመለሰች። ሙቀቱ ገደለሽ አይደል እህቴ፣ አለቻት፣ አሁንም ዓይኗን ሳታይ። ዛሬ ሉሉን በእርግጥ ጠምቷታል። ብርጭቆውን ግን አልነካችውም፣ ከፊቷ አኖረችው።

አባባ ጎሹ ጸለዩ፣ ስለ ሰላም ተናገሩ፣ ያንኑ የቂምና የሳል ተረት ደገሙ። ሰባት ቤት እንደተቆጠረ፣ ዘር እንዳልተገናኘ ለሁሉም አስታወቁ። ከዚያ አዲሱን የታደገን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ፣ አርቀው ይዘው አነበቡ፣ «ብዲኮት ዳም ክላሊዮት፤ ሃኮል ታኪን» አሉና ለውበቱ ሰጡት። እንግዲህ ልጄ ሉሉ፣ የመጣሽበትን በይ አሏት። ሉሉ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ስትፈጭ የቆየችውን በለዘበ ድምፅ ጀመረችው፤ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። እናገራለሁ አባባ፣ ብቻ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ አለች። ዛሬ ክሊኒክ ነበርኩ፤ ይህ ጠቅላላ ምርመራ አሁን ያንንም ነገር ይጨምራል ሲሉ ሰማሁ። ውበቱ የያዘው ወረቀት ላይ፣ መሀል ላይ፣ ኮከብ የተደረገበት መስመር ይታየኛል። ኮከብ ማለት ጥሩ አይደለም ማለት ነው። እሱ ይሆን እንዴ?

ውበቱ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ኮከቡን አገኘው። ታደገ ሳቀ። ኮሌስትሮል ነው አለ፣ ሥጋ ስለምወድ ነው። አባባ ጎሹ ግን አልሳቁም፤ ጠቅላላ ካለ ያም ይኖርበታል፣ ኮከቡ ይጣራ አሉ። ውበቱ ስልኩን አወጣ። ከእህቴ ቤት እንዲህ በኮከብ አይገባም፣ ጤና መድኑ ጋ፣ ኩፓ ደውዬ እጠይቃለሁ አለ። የታደገ አንገት ላይ ላብ ታየ። ወረቀቱን ከውበቱ እጅ ሊወስድ ተነሣ፤ ውበቱ አልለቀቀም።

«ያ እኮ ከዚህ ጋር አይመጣም!» አለ ታደገ። «ለብቻው ነው። በወረቀትም በስልክም አይነግሩህም። ቦ ኤሌኑ ብለው ይጠሩሃል፣ በር ዘግተው ሁለት ሆነው ነው የሚነግሩህ፤ ሳይጠማህ ውሃ አቅርበው...»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ታደገ ራሱ የተናገረውን ሰምቶ አፉን ዘጋ፣ ግን ቃሉ ጠረጴዛው ላይ ከኦቾሎኒው መሀል ተቀምጧል፤ ማንም የሚያነሣው የለም። ሉሉ ይህንን ቅጽበት አምስት ሳምንት ሙሉ ስትመኘው ኖራለች፤ እንደምትጮህ፣ እንደምትቧጭረው ታስብ ነበር። ድምፅዋ ግን እንደ ልማዱ ነው የወጣው።

«መቼ ነው የጠሩህ?»

«ሰው ነግሮኝ ነው» አለ።

«እኔን ከአምስት ሳምንት በፊት ጠሩኝ። በር ዘጉ። ሳይጠማኝ ውሃ አቀረቡልኝ። ንጹሕ ለሆነ ሰው መልእክት ነው የሚልኩት፤ አይጠሩትም።» ወደ አባባ ጎሹ ዞረች። «ስሙ ኤች አይ ቪ ነው አባባ። በጠቅላላው ውስጥ የለም። በስሙ ካልጠሩት አይመጣም።»

አጥንቱ ከጉሮሮዋ ወጣ። ሸዋርካብ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ታደገ እንደ ቆመ ጣቱን ወደ ሉሉ ቀሰረ፣ ፊቱ ሁሉ ተለዋውጦ። «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ! ከጎንደር ይዘሽው መጥተሽ!»

«ምኑን ነው ያመጣችብህ፣ ታደገ?» አሉ አባባ ጎሹ።

እንዲህ በቀስታ ሲናገሩ ሉሉ ሰምታቸው አታውቅም። ታደገ አባባን አየ፣ ውበቱን አየ፣ በሩን አየ። ምን ብሎ ይመልስ? የለብኝም ቢል አመጣሽብኝ ብሏል፣ አለብኝ ቢል ወረቀቱ በውበቱ እጅ ነው። ተቀመጠ። ሉሉ እንደመጣች በመርካዝ ክሊታ በስሙ ተመርምራ ንጹሕ እንደነበረች፣ የፈለገ ሰው መዝገቧን አብሯት ሄዶ ማየት እንደሚችል ተናገረች። ያልነካችውን ብርጭቆ በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ ከታደገ ፊት አቆመችው። ጠጣ አለችው። እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው፤ እሷም እስክትጠግብ አየችው። ደስ አላት። ይህንን መደበቅ አያስፈልግም፣ ደስ አላት፤ ከደስታውም ሥር ምንም የሚያሳፍራት ነገር አላገኘችም። ሸዋርካብ ወረቀቱን ከወንድሟ እጅ ወስዳ ለሁለት ቀደደችው፣ ደግማ ቀደደችው፣ ቁራጮቹን የት እንደምትጥል ግራ ገብቷት በጭብጧ ያዘቻቸው።

አባባ ጎሹ፣ ምስኪን፣ የለመዱት መንገድ ሌላ ስላልነበረ ወደዚያው ተመለሱ። ልጄ፣ ቂሙን... ብለው ጀመሩ። «ቂም አለኝ፣ አባባ» አለች ሉሉ። «እሱንም በስሙ ልጥራው ብዬ ነው።» ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ የሽማግሌ እግር ሰማች። አባባ ጎሹ የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው ይወርዳሉ፤ ነጩ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ላይ በላብ ተጣብቋል። ደርሰውባት ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ። ሰምቻለሁ አሏት፤ ፖሊስም ቢጠይቀኝ፣ ዳኛም ቢጠይቀኝ፣ ከአፉ የሰማሁትን እናገራለሁ። ይህ ለሉሉ ከምርቃት ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ከዚያ ሽማግሌው አንገታቸውን ሰበሩ። ጠቅላላ ካለ ምን ቀረ ያልኩ እኔ ነኝ አሉ። ለስንት ሰው አነበብኩ፣ ለስንት ቤት። ብረቱን ለቀው እጇን ያዙ።

«እኔንስ ይቅር ትዪኛለሽ ልጄ?»

ሉሉ በሽማግሌው አዘነች፤ ቢሆንም እንደዛሬ ባለ ቀን ይቅርታ በርካሽ አይሸጥም። «ቶር ይያዙ፣ አባባ» አለች። «ከፊትዎ ሰው አለ።»

ወደ መንገዱ ወጣች። ከሦስተኛው ፎቅ የውበቱ ድምፅ ይሰማል፤ ቃል የማይበዛው ሰው ዛሬ ቃል በዝቶለታል። ወሬው ደረጃውን ወርዶ፣ ግሮሰሪውን አልፎ፣ ጫማ መሸጫው ከመድረሱ በፊት ልትቀድመው ይገባል። ከሕንፃው ጥላ ሥር ቆማ ስልኳን አወጣች። ሺር ቶሎ አነሣች፤ ከኋላዋ የሱቁ ሙዚቃ ይሰማል።

«ኑ ኢማ፣ ሳላሕት ሎ?» አለች። ይቅር አልሽው ወይ?

አላልኩትም አለች ሉሉ። ከዚያ የጠርሙሱን ነገር ነገረቻት፣ የጥፊውን ነገር ነገረቻት፣ ስሙንም በስሙ ጠርታ ነገረቻት። ክኒኑ እንደሚያኖራት፣ ሺርን ምንም እንደማያሰጋት፣ ሳትነግራት መቆየቷ ስሕተት እንደሆነ ተናገረች። ሙዚቃው ራቀ፤ ልጅቷ ከሱቁ ወደ ውጭ ወጥታለች ማለት ነው። አንድ አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፍቶ፣ ሉሉ አለመሳፈሯን አይቶ ዘግቶ ሄደ። ከዚያ ከልጅነቷ ጀምሮ በዕብራይስጥ ብቻ የምትመልሰው ሺር በአማርኛ ጠየቀቻት።

«ታደገ አሁን የት ነው ያለው?»